አንድ ወር በኦክስፎርድ፦ ረዘም ያለ ዕረፍት በአነስተኛ ገንዘብ እንዴት ይታቀዳል?



«እንግሊዝ አገር ለዕረፍት» ሲባል ብዙዎቻችን የባለ ሀብት ልጆች ጉዳይ ነው ብለን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ለማስተርስ ስኮላርሺፕ የሚያመለክቱ አሉ፤ ለንደን ወይም በርሚንግሃም ዘመድ ያላቸው አሉ፤ ተመርቀው ሥራ ይዘው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በራሳቸው ገንዘብ የሚጓዙም ይኖራሉ፣ ኢንሻአላህ። ዕድሉ ሲመጣ ታዲያ ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥማል። አንዱ ቤተሰብ ለዓመታት ያጠራቀመውን በአሥር ቀን ጨርሶ ይመለሳል። ሌላው ዋጋውን ሰምቶ ገና ሳይጀምር ይተወዋል። በኢስራፍና በተስፋ መቁረጥ መካከል ግን መንገድ አለ፤ እሱም አስቀድሞ ማስላት ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ስሌት ከአንዲት ከተማ ጋር አያይዞ ያሳያል።

የመረጥኩት ኦክስፎርድን ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ መሐሏን በእግር ማዳረስ ይቻላል። ዋና ዋና ሙዚየሞቿ በነፃ ይታያሉ። መስጂድና ሐላል ምግብ በቅርብ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ለሙስሊም ተማሪ፣ በተለይም ለኢትዮጵያዊ፣ ቆም ብሎ የሚያየው ነገር አላት። ደካማ ጎኗ የማደሪያ ዋጋ ነው፤ ከለንደን ውጭ ካሉት ውድ ከተሞች አንዷ ናት። እዚህ የሠራ ዕቅድ ለዮርክ፣ ለደራም ወይም ለካንተርበሪም ይሠራል።

1. መጀመሪያ ሒሳቡ

የጉዞ ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አንድ ቀንም ቆያችሁ አንድ ወር የማይለወጠው ነው፦ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የቪዛ ክፍያ፣ የጉዞ ኢንሹራንስ፣ ከኤርፖርት መግቢያና መውጫ። ይህን «ቋሚ» እንበለው። ሌላው በየቀኑ የሚጨምረው ነው፦ ማደሪያ፣ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ መግቢያ። ይህን «ዕለታዊ» እንበለው።

ለምሳሌ ያህል ብቻ ቋሚው 900 ፓውንድ፣ ዕለታዊው 45 ፓውንድ ይሁን። ሰባት ቀን የቆየ ሰው በጠቅላላው 1,215 ፓውንድ ያወጣል፤ ለአንድ ቀን ሲካፈል 174 ገደማ ይደርሳል። ሃያ ስምንት ቀን የቆየ ደግሞ 2,160 ያወጣል፤ ለአንድ ቀን 77 ገደማ ነው። ሰዎች «ረጅም ቆይታ ይረክሳል» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ግን ልብ በሉ፤ የረከሰው የአንዱ ቀን ዋጋ ነው እንጂ ከኪስ የሚወጣው ድምር ጨምሯል።

ስለዚህ ከቀኑ ብዛት ሳይሆን ከገንዘቡ ጣሪያ እንጀምር። ያላችሁ 2,000 ፓውንድ ቢሆን 200ውን ለድንገተኛ ነገር ለዩት። ከቀሪው 1,800 ላይ ቋሚውን 900 ቀንሱ። የቀረውን 900 ለዕለታዊው ወጪ አካፍሉት፦ በ45 ሃያ ቀን ይሆናል፤ ዕለታዊውን ወደ 30 ማውረድ ከቻላችሁ ግን ሠላሳ ቀን። ያው ገንዘብ አሥር ቀን ጨመረ ማለት ነው። ቲኬት ላይ ጥቂት ፓውንድ ለማዳን ሳምንት ሙሉ ከመድከም ይልቅ ዕለታዊውን መቀነስ የበለጠ ያዋጣል። ከዕለታዊው ውስጥ ደግሞ ትልቁ ማደሪያ ነው።

ስሌቱን በፓውንድ ሥሩት፤ የብር ምንዛሪ እስከ ጉዞው ቀን ይለዋወጣልና። ምንዛሪውንም ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት አቅርቦ በባንክ መግዛት ነው። የጥቁር ገበያው መንገድ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ የገንዘቡን ምንጭ ለማስረዳት ያስቸግራል።

2. ቪዛ፦ ያለውን እንዳለ መጻፍ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለጉብኝት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፤ አሻራና ፎቶ አዲስ አበባ ባለው የቪዛ ማመልከቻ ማዕከል ይሰጣል። መደበኛው የጎብኚ ቪዛ በአንድ ጉዞ እስከ 6 ወር ያስቆያል። ክፍያው ከ100 ፓውንድ በላይ ነው፤ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን አይመለስም። ለዚህ ነው ሰነድ ሳይሟላ «ልሞክር» ማለት የማይመከረው።

መርማሪው የሚፈልገው የሦስት ጥያቄ መልስ ነው፦ ለምን ትሄዳለህ? በምን ገንዘብ? ትመለሳለህ? ለመጀመሪያው አጭርና ግልጽ የጉዞ ዕቅድ ይበቃል። ለሁለተኛው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ የባንክ መግለጫ ያስፈልጋል። ከማመልከቻው በፊት በነበረው ሳምንት በድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ጥያቄ ያስነሣል። ወጪውን የሚሸፍነው ዘመድ ከሆነ ይህንኑ በደብዳቤና በእሱ የባንክ መግለጫ ማስረዳት ይቻላል። ለሦስተኛው ደግሞ ትምህርት ላይ መሆናችሁን የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ወይም የሥራ ማስረጃ ይረዳል።

እዚህ ላይ አማና የሚባለው ነገር ይመጣል። የጎብኚ ቪዛ የያዘ ሰው በዚያ አገር መሥራት አይችልም፤ በቀናት የሚከፈል የሬስቶራንት ሥራም ቢሆን። «እዚያ ሠርቼ እሸፍነዋለሁ» የሚል ስሌት ስለዚህ ስሌት አይደለም። የሐሰት ሰነድ ያቀረበ ደግሞ ማመልከቻው ከመውደቁም በላይ እስከ 10 ዓመት ሊታገድ ይችላል። ነገ ስኮላርሺፕ ሊያገኝ ይችል የነበረ ተማሪ በአንድ የውሸት ወረቀት በሩን በራሱ ላይ ይዘጋል።

ኢንሹራንስንም እንደ ትርፍ ነገር አትዩት። የዚያ አገር መንግሥታዊ ሕክምና ለነዋሪው እንጂ ለጎብኚ በአብዛኛው ነፃ አይደለም። አንድ የሆስፒታል ቆይታ የጉዞውን በጀት በሙሉ ሊበላ ይችላል።

3. መቼ?

ለእኛ አመቺው ጊዜ የክረምቱ ዕረፍት ነው። ከክረምቱ ውስጥ ደግሞ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ምክንያት ማደሪያ ነው፤ የኦክስፎርድ ኮሌጆች ተማሪዎቻቸው ዕረፍት ላይ በሚሆኑበት ጊዜ ክፍሎችን ለጎብኚ ያከራያሉ፤ መደበኛው ትምህርት የሚጀምረው በኦክቶበር ነው። ሁለተኛው አየሩ ነው፤ ያኔ አይበርድም፣ ሆኖም ዝናብ ስለማይጠፋ የዝናብ ጃኬት ያዙ። ሦስተኛው ሶላት ነው፤ ይህኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ኦክስፎርድ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 51.75 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ45 ገደማ፣ የምትጠልቀው ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የዒሻና የሱብሂ ወቅት በብዙ አቆጣጠሮች የሚታወቀው ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ስትወርድ ነው። በጁን 21 እኩለ ሌሊት ፀሐይ ምን ያህል ትወርዳለች? ከ90 ላይ 51.75 ቀንሱ፤ ከዚያም የፀሐይን የበጋ ዝንባሌ 23.44 ቀንሱ፤ 14.8 ዲግሪ ይቀራል። ማለትም 18 ዲግሪ ላይ አትደርስም፤ ሰማዩም ሙሉ በሙሉ አይጨልምም። ይህ ሁኔታ ከሜይ 20 ገደማ እስከ ጁላይ 24 ገደማ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ዑለማዎች በተለያየ የግምት ዘዴ ወቅቱን ይወስናሉ፤ በዚህም ምክንያት የሁለት መስጂዶች የዒሻ ሰዓት ሊለያይ ይችላል። የስልክ አፕሊኬሽን የሰጣችሁን ይዛችሁ ከመከራከር ይልቅ የአካባቢውን መስጂድ የሶላት ሰሌዳ መከተል ይሻላል።

በሴፕቴምበር መጨረሻ ግን ቀንና ሌሊት እኩል ይሆናሉ፤ ፀሐይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። በዲሴምበር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ፀሐይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይከታተላሉ። በዚያ ወቅት የምትሄዱ ከሆነ የከሰዓቱን ጉብኝት መስጂድ ወይም መስገጃ ቦታ አጠገብ አድርጉት።

4. ማደሪያ

አማራጮቹን ከርካሹ ልጀምር።

ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤት፦ ለዕለታዊው ወጪ ከዚህ የተሻለ የለም። ለአንድ ወር እንግዳ መሆን ግን ሸክም ነው። ቢያንስ የአስቤዛውን ድርሻ ሸፍኑ፤ ሳምንቱን ከፋፍላችሁም ሌላ ቦታ እደሩ።

ወርሃዊ ክፍል፦ በካውሊ፣ በሄዲንግተንና በቦትሊ አካባቢ ተማሪዎች ለዕረፍት ሲሄዱ ክፍላቸውን የሚያከራዩ አሉ። ጥቅሙ ኩሽና መኖሩ ነው። አደጋው ማጭበርበር ነው። ክፍሉን እናንተ ወይም የምታምኑት ሰው ሳያየው ቀብድ አትላኩ። «ብዙ ፈላጊ አለ፣ አሁኑኑ ላክ» የሚል መልእክት የማጭበርበር ዋነኛ ምልክት ነው። አከራዩ ራሱ ተከራይ ከሆነ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሆስቴል፦ አልጋ በጋራ ክፍል ውስጥ ይከራያል። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ የወጣቶች ሆስቴል አለ። የሴቶች ብቻ ክፍልና የጋራ ኩሽና መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ። እህቶች ስለ ብቻ ጉዞና ስለ መሕረም ያለውን ጉዳይ ከቲኬት ግዢ በፊት ከሚያምኑት ኡስታዝ ጋር ይነጋገሩበት። ከእህት ወይም ከቤተሰብ ጋር ክፍል መጋራት ወጪንም ይቀንሳል።

የኮሌጅ ክፍል፦ ለአንድና ለሁለት ሌሊት ደስ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ቁርስ አብሮ አለው። ለወር ግን ይወደዳል።

አንዳንዶች ዲድኮትን በመሳሰሉ አቅራቢያ ከተሞች አድረው በባቡር መመላለስን ያስባሉ። ዲድኮት በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት በማደሪያ የተረፈውን ከቲኬቱ ጋር አወዳድሩ፤ ባቡሩ ትርፉን ከበላው ድካሙ ይቀራችኋል።

5. መጓጓዣ

ከሂትሮው ኤርፖርት በቀጥታ ወደ ኦክስፎርድ የሚሄድ አውቶቡስ አለ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ለንደን ገብቶ መውጣት አያስፈልግም። ከለንደን ቪክቶሪያ የሚነሣው ኦክስፎርድ ቲዩብ የሚባለውም ባቡር ሳይሆን አውቶቡስ ነው። ባቡር ከፓዲንግተንና ከሜሪልቦን ጣቢያዎች አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የባቡር ቲኬት በመጨረሻው ሰዓት ሲገዛ ይወደዳል፤ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ደግሞ ይብሳል። ከ16 እስከ 25 ዓመት ያለ ሰው፣ የውጭ አገር ዜጋም ቢሆን፣ የወጣቶችን የባቡር ካርድ ገዝቶ ከቲኬት ዋጋ አንድ ሦስተኛውን መቀነስ ይችላል። ካርዱ ራሱ የሚከፈልበት ስለሆነ ሦስት አራት ጊዜ የማትሳፈሩ ከሆነ አይረባችሁም።

ከተማዋ ውስጥ ግን ዋናው መጓጓዣ እግርና ብስክሌት ነው። ያገለገለ ብስክሌት ገዝቶ ሲወጡ መሸጥ ይቻላል። መንገዱ በግራ በኩል መሆኑን፣ በምሽት ያለ መብራት መንዳትም ሕግ መጣስ መሆኑን አትርሱ።

6. ምግብ

ኩሽና ያለበት ማደሪያ ይዛችሁ ከሆነ ግማሹ ችግር ተፈትቷል። ምስር፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ እንቁላል፣ ድንችና አትክልት እንደ ሊድልና አልዲ ባሉ መደብሮች በተመጣጣኝ ዋጋ ይገኛሉ። ምሽት ላይ ቀናቸው ሊያልፍ የተቃረበ ምግቦች ዋጋ ይቀነሳል። በርበሬና ሽሮ ከቤት መያዝ ናፍቆትንም ወጪንም ያስታግሣል። ሥጋና ወተት ነክ ምግብ ግን ወደ እንግሊዝ ይዞ መግባት አይፈቀድምና ቋንጣውን ለቤተሰብ ተዉት፤ ቅቤውንም እንዲሁ። የቧንቧ ውኃ ስለሚጠጣ ኮዳችሁን ሞልታችሁ ውጡ።

ካውሊ ሮድ የሐላል ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ያሉበት መንገድ ነው። በሌሎች ቦታዎች ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። «ለአትክልት ተመጋቢ» የሚለው ምልክት ሥጋ አለመኖሩን እንጂ ወይን አለመኖሩን አያረጋግጥም። ጄላቲን በጣፋጮች ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ይሠራል። ድንች ጥብስም በአንዳንድ ቤቶች በእንስሳ ስብ ይጠበሳል፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

7. ሶላት በቆይታ ላይ

ከካውሊ ሮድ ገባ ብሎ ማንዚል ዌይ ላይ ትልቅ መስጂድ አለ። ማርስተን ሮድ ላይ ደግሞ በ1985 የተመሠረተው የኦክስፎርድ የእስልምና ጥናት ማዕከል ይገኛል፤ ጉልላትና ሚናራ ያለውን ሕንፃውን የነደፉት ግብፃዊው አርክቴክት ዐብዱልዋሒድ አልወኪል ናቸው።

ቂብላ ላይ ተጠንቀቁ። እኛ አዲስ አበባ ሆነን የምንዞረው ወደ ሰሜን ገደማ ነው። ከኦክስፎርድ ግን ቂብላው ከሰሜን በሰዓት አቅጣጫ 118 ዲግሪ ላይ ነው፤ ማለትም ወደ ደቡብ ምሥራቅ።

መድረሳ ላይ የተማርነው የመንገደኛ ሶላት እዚህ በተግባር ይመጣል። ብዙ ሰው «ከአገሬ እስከወጣሁ ድረስ አሳጥራለሁ» ይላል። ረጅም ቆይታ ላይ ግን ይህ አይሠራም። በሻፊዒይ መዝሀብ የገባበትንና የሚወጣበትን ቀን ሳይቆጥር አንድ ቦታ አራት ቀን ሊቀመጥ የነየተ ሰው ሶላቱን ያሟላል። በሐነፊይ መዝሀብ ወሰኑ 15 ቀን ነው። ስለዚህ በአንድ ከተማ ለአንድ ወር ክፍል የተከራየ ሰው በሁለቱም መዝሀብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሟላል፤ ጁምዓም ይጠበቅበታል። ከተማ እየቀያየረ የሚጓዝ ሰው ሁኔታው ይለያልና ዕቅዱን ይዞ ኡስታዝ ይጠይቅ።

8. ያለ ክፍያ የሚታየው

ብሮድ ስትሪት ላይ የሳይንስ ታሪክ ሙዚየም አለ፤ ሕንፃው በ1683 የተከፈተው የመጀመሪያው አሽሞሊያን ነው። በውስጡ በዓለም ትልቁ የአስጡርላብ ስብስብ ይገኛል፤ ብዙዎቹ የሙስሊም ባለሙያዎች ሥራዎች ናቸው። አንዱ በ885 ዓመተ ሂጅራ የተሠራ ክብ፣ እንደ ኳስ ያለ አስጡርላብ ነው፤ ሙሉ ሆኖ የተገኘ ሌላ አቻ የለውም። ሌላው የኢስፋሃኑ ሙሐመድ ኢብን አቢ በክር በ618 ዓመተ ሂጅራ የሠራው ነው። ከጀርባው ባሉት ጥርሳም መዘውሮች የጨረቃን መልክና የፀሐይን ጉዞ ያሳያል። የማሽን ዲዛይን ለሚማር ሰው ስምንት መቶ ዓመት ያለፈውን ይህን የጊር ሥራ በዓይኑ ማየት ብቻ ጉዞውን ያስወደዋል። በዚያው ሙዚየም አንስታይን በ1931 ንግግር ሲያደርግ የጻፈበት ሰሌዳም ተቀምጧል።

አሽሞሊያን ሙዚየም ዛሬ ባለበት ሕንፃ የእስልምና ሥነ ጥበብ ክፍል አለው። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምና ከኋላው ያለው ፒት ሪቨርስም በነፃ ይታያሉ። ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢያን የተከፈተው በ1602 ነው። ውስጡን ለመጎብኘት ይከፈላል፤ የዌስተን ሕንፃው ኤግዚቢሽን ግን ነፃ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ከወሰዳቸው የግዕዝ ብራናዎች ብዙዎቹ፣ ከመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች አንዱም ጭምር፣ በዚሁ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ዐረብኛን በተመለከተ ዩኒቨርሲቲው የዐረብኛ ፕሮፌሰርነት ወንበር ያቋቋመው በ1636 ነው፤ የመጀመሪያው ባለ ወንበር ኤድዋርድ ፖኮክ ዐረብኛውን ያዳበረው ሐለብ ተቀምጦ ነበር። የኢብን ጡፈይል «ሐይ ኢብን የቅዟን» በ1671 ወደ ላቲን ተተርጉሞ የታተመውም በልጁ እጅ፣ በዚህችው ከተማ ነው።

እግር ለማፍታታት ፖርት ሜዶው የሚባለው ሰፊ መስክና የቴምዝ ወንዝ ዳር መንገድ አሉ። ኮሌጆቹን ለማየት ብዙዎቹ ያስከፍላሉ፤ አንድ ሁለቱን መርጦ ሌሎቹን ከውጭ ማየት ይበቃል።

9. አራቱ ሳምንታት

የመጀመሪያውን ሳምንት ከተማዋን በእግር ለማወቅ፣ መስጂዱን ለመልመድና አስቤዛ የሚረክስበትን ለመለየት ተጠቀሙበት። ሁለተኛው ለሙዚየሞቹ ይሁን፤ በቀን ከአንድ አትበልጡ፣ አንዳንዶቹ ሰኞ ስለሚዘጉም ቀድማችሁ ተመልከቱ። በሦስተኛው የቀን ጉዞ አድርጉ፦ ለንደን ያለው ብሪቲሽ ሙዚየም ነፃ ነው፤ በዎኪንግ ደግሞ በብሪታንያ መስጂድ እንዲሆን ታስቦ የመጀመሪያው የተሠራው፣ በ1889 የተከፈተው የሻህ ጀሃን መስጂድ ይገኛል። አራተኛው ሳምንት ባዶ ይሁን። ወደዳችሁት ቦታ መመለሻ፣ መጽሐፍ ማንበቢያ፣ ከመስጂዱ ሰዎች ጋር መቀመጫ ይሆናችኋል። ረጅም ቆይታ ከጥድፊያ ጉብኝት የሚለየው በዚህ ሳምንት ነው።

ለመጀመር ዛሬ የሚያስፈልገው ፓውንድ አይደለም። አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ የገንዘቡ ጣሪያ፣ ቋሚው ወጪ፣ ዕለታዊው ወጪ። ሦስቱ ቀኑን ይነግሯችኋል። ቀኑ አምስት ብቻ ሆኖ ከወጣ ጉዞውን ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት ከብድር ይሻላል። ሃያ ሆኖ ከወጣ ደግሞ ፓስፖርታችሁን ማውጣት ጀምሩ። አላህ ጉዟችሁን ያግራላችሁ፤ በሰላም ወጥቶ በሰላም ለመመለስ ያብቃችሁ።